የአሮጌ ኮምቢ ፍሬን እድሳት፦ ለጎንደር ዳገትና ቁልቁለት

አሮጌ ኮምቢ ያለው ሰው ስለ ሞተሩ ብዙ ያወራል። ስለ ፍሬኑ የሚያወራው ፍሬን ሲበጥስ ነው። ሞተር ቢጠፋ መኪናዋ መንገድ ዳር ትቆማለች። ፍሬን ቢጠፋ ግን የት እንደምትቆም የምትወስነው እሷ ናት። ጎንደር ደግሞ ሜዳ የበዛባት ከተማ አይደለችም።

ይህ መመሪያ አልጋና ምድጃ ተገጥሞላት ለጉዞ የምትውል አሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢ ላላችሁ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም «ዲስክ ፍሬን ላስገባላት?» የሚል ነው። መልሴ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ያለውን በትክክል አድሱ። በደንብ የታደሰ ታምቡር ፍሬን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ከበሮ ሸራ የሚባለው መያዣ ከውስጥ እየገፋ የሚይዝበት) ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ አልፎም እስከ ጎርጎራ አያሳፍርም። ዲስኩን፣ ማለትም ከሁለት በኩል የሚጨመቀውን ዝርግ ብረት፣ በኋላ እናወራበታለን።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ፍሬን የመማሪያ ሥራ አይደለም። ታምቡር ፈትታችሁ የማታውቁ ከሆነ ልምድ ያለው መካኒክ አጠገባችሁ ይኑር። እጃችሁን ማስገባት የምትችሉበት ቦታ ብዙ ነው፤ የመጨረሻውን ፍተሻ ግን ለእሱ ተዉለት።

ሙቀቱና ከፍታው

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወስደው የሊማሊሞ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሰውና ጓዝ የጫነች ኮምቢ 2 ቶን ትጠጋለች። ይህን ክብደት 1,000 ሜትር በፍሬን ብቻ ብታወርዱት የሚፈጠረው ሙቀት 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው አራቱ ጎማዎች ላይ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል። ሸራውም ሲግል መያዙ ይቀንሳል። ፔዳሉ በየመታጠፊያው ትንሽ ትንሽ እየወረደ ይሄዳል።

የፍሬን ዘይቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ዘይት (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ዶት 3 ከ205 ተነስቶ ወደ 140 ይወርዳል። ዘይት ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። እግራችሁ ወለሉን ይነካል፣ መኪናዋ ግን መሄዷን ትቀጥላለች። ክረምቱን ቆማ የከረመች ኮምቢ መስከረም ላይ ዘይት ሳይቀየርላት ወደ ሰሜን ተራሮች ብትሄድ የሚያሰጋት ይህ ነው።

ሰርቮ (ፔዳሉን የሚያቀል አጋዥ) ያላት ከሆነች ሌላም ነገር አለ። ሰርቮ የሚያግዛችሁ በውጭው አየርና በሞተሩ ቫኩም መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ፔዳሉ ጠንከር ማለቱ አይቀርም። ሰርቮው ተበላሽቷል ብላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እንዲህ ፈትኑት። ሞተሩን አጥፉ፣ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡና ያዙት፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ከወረደ ሰርቮው ይሠራል።

የትኛዋ ኮምቢ ናት?

ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ይህን እወቁ። የፊት መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ናት። አራቱም ጎማ ታምቡር ነው፤ አብዛኞቹም አንድ የዘይት መስመር ብቻ ነው ያላቸው፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። መስታወቷ አንድ ወጥ ከሆነ ከነሐሴ 1967 በኋላ የመጣችው ናት። እነዚህ በአብዛኛው ሁለት መስመር አላቸው። ከነሐሴ 1970 ጀምሮ ደግሞ ፊት ለፊት ዲስክ መጣ። በዚያው ጊዜ አምስቱ የጎማ ብሎኖች የተደረደሩበት ክብ ስፋትም ከ205 ወደ 112 ሚሊሜትር ጠበበ። እነዚህ ዓመቶች ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው፣ የጀርመኖቹን ይመለከታሉ፤ ብራዚል የተሠሩት የራሳቸው አካሄድ አላቸው።

የሻንሲ ቁጥሩም ይናገራል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት መጨረሻ ያሳያል። 231 ብሎ ከጀመረ የ1971 ሞዴል ናት። ግን አትመኑት፤ ሃምሳ ዓመት የኖረች መኪና ስንት እጅ እንዳለፈች ማን ያውቃል? የፊቱ ከአንዷ፣ የኋላው ከሌላዋ ሊሆን ይችላል። ጎማውን ፍቱና በዓይናችሁ እዩ።

ሳትፈቱ መርምሩ

ፔዳሉ አንዴ ሲረገጥ ወርዶ ደጋግማችሁ ስትረግጡት ከፍ ካለ፣ ወይ አየር ገብቷል ወይ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል። ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ ከሰመጠና ውጭ ምንም የሚንጠባጠብ ከሌለ፣ የማስተር ሲሊንደሩ (የፔዳሉን ግፊት ለዘይቱ የሚሰጠው) ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው። መኪናዋ ስትይዝ ወደ ቀኝ ከጎተተች የግራውን ጎማ ተጠራጠሩ፤ ደካማው እሱ ነው። አንዱ ጎማ ሳትይዙት የሚግል ከሆነ ሸራውን የሚገፋው የጎማው ሲሊንደር ደርቋል፣ ወይም የላስቲክ ቱቦው ውስጡ አብጦ ዘይት ያስገባል እንጂ አይመልስም። ይህ የመጨረሻው ብዙ መካኒክ ያታልላል፤ ቱቦው ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነውና።

ዕቃና መሣሪያ

የላስቲክ ቱቦዎቹን ሁሉንም ቀይሩ። «ይሄኛው ገና ነው» አይባልም። የጎማ ሲሊንደር ወይም ጎሚኒ፣ ሸራ፣ የሞላ ስብስብ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ ሁለት ሊትር ያህል ዶት 4 ያስፈልጋችኋል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፤ ከሌላው ጋር አይደባለቅም፣ ተዉት። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት በፍሬን ማጠራቀሚያ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጎሚኒው ሁሉ ያብጣል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጎሚኒ ከመቀየር ውጭ መፍትሔ የለም።

ጎንደር ላይ የኮምቢ ዕቃ ካጣችሁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ማስፈለጉ የተለመደ ነው። ያኔ አሮጌውን ዕቃ በፎቶና በልክ ላኩ። የጎሚኒው ሚሊሜትር ብዙ ጊዜ እላዩ ላይ ተጽፏል። ጎሚኒ ላይ «ይቀራረባል» የሚባል ነገር የለም። የቶዮታ ጎሚኒ ገፍተህ ካስገባኸው ይገባል የሚል ነጋዴ አይጠፋም፤ አመስግናችሁ ሂዱ።

መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ሥሯ አትግቡ። በድንጋይም አትደግፉ፤ ድንጋይ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። የብረት መደገፊያ ከሌላችሁ ወፍራም ግንድ አቆላልፋችሁ ደርድሩ። የወለቀውን ጎማ ከነቸርኬው ከሥር ማጋደምም ጥሩ ልማድ ነው። የቀሩትን ጎማዎች በታኮ ያዙ።

የኋላውን ታምቡር መፍታት

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አትፍቱ። አንዱ ሲፈታ ሌላው እንደ ናሙና ይቆይ። በሞባይል ፎቶ አንሱ፤ የትኛው ሞላ በየትኛው ቀዳዳ እንደነበር ከሰዓት በኋላ አይታወስም።

በቀደሙት ኮምቢዎች ላይ የኋላው ታምቡር በአክሱሉ ጥርስ ላይ ተቀምጦ በ46 ሚሊሜትር ዳዶ ይታሰራል። የከባድ መኪና ጋራዦች ዘንድ 46 ቁልፍ ብዙ ጊዜ ይገኛል። መኪናዋ ገና መሬት ላይ ሳለች አላሉት። መሰንጠቂያ ፒኑን አውጡ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፣ ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክታችሁ ግፉ። ከ1971 ሞዴል ወዲህ ባሉት ታምቡሩ ለብቻው ነው፤ በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ይያዛል። እነሱ ደግሞ መዛግ ይወዳሉ። ዘይት ቀብታችሁ አሳድሯቸው፣ በልኩ የሆነ ካቻቢቴ ይዛችሁ በመዶሻ ነካ ነካ አድርጉ።

ታምቡሩ አልወጣም ካለ አትደብድቡት። ያረጀ ታምቡር ከንፈር ያወጣል፣ ሸራውም እዚያ ላይ ይያዛል። ከጀርባው ላሜራ ላይ ባለው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገቡና ጥርስ ያላቸውን ማስተካከያዎች መልሱ። ሸራው ሲሰበሰብ ታምቡሩ ይለቃል።

ውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት በኮምፕሬሰር አትንፉ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ አስቤስቶስ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በውሃ አርጥቡትና በጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉ። ጋራዡ ውስጥ የሚላላከውንም ልጅ ራቅ አድርጉት።

ሲሊንደርና ጎሚኒ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ብዙ ጋራዥም የሚያድጠው እዚህ ላይ ነው። የሲሊንደሩን አቧራ መከላከያ ላስቲክ ገለጥ አድርጉ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ እያፈሰሰ ነው። ፒስተኖቹን አውጡና የሲሊንደሩን ግድግዳ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ጎሚኒ መቀየር ዋጋ የለውም፤ አዲስ ጎሚኒ በተቦረቦረ ግድግዳ ላይ ቶሎ ይበላል። ሲሊንደሩ ራሱ ይቀየር። ቀለል ያለ ዝገት ብቻ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን አሽታችሁ ታድኑታላችሁ። በርዝመቱ፣ ከጫፍ ወደ ጫፍ ግን አትሹት፤ ቧጨራው ለዘይቱ መንገድ ይሆነዋል።

ማጠቢያው ንጹሕ አልኮል ወይም ራሱ የፍሬን ዘይቱ ነው። ቤንዚንና ናፍጣ በየጋራዡ ለሁሉ ነገር ይውላሉ፤ እዚህ ግን ጎሚኒውን ይገድሉታል። የእጅ ሳኒታይዘርም አይሆንም፣ ቅባት አለበት። አረቄውንም ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ጎሚኒውን በፍሬን ዘይት አርሳችሁ በእጅ አስገቡ፤ ከንፈሩ ወደ ዘይቱ በኩል ይዙር።

ፊት ለፊት ታምቡር ያላቸው ኮምቢዎች በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ሁለት ሲሊንደር አላቸው። አንዱን አድሳችሁ ሌላውን አትተዉ። በግራ በኩል የኪሎሜትር ቆጣሪው ገመድ በጎማው እምብርት ውስጥ ያልፋል፤ ክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማያዣ ሳታወጡ ክዳኑን ብትስቡት ገመዱ ይበጠሳል። የግራው ዳዶ ጥርስም ወደ ተቃራኒ የሚዞር ሊሆን ስለሚችል ከመግፋታችሁ በፊት እዩት። ስትመልሱት ኩሽኔታውን አዲስ ግራሶ አብሉ። ዳዶውን የምታጠብቁት ከሥሩ ያለው ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ሲገፋ በጭንቅ እስኪንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ሸራና ታምቡር

ሸራ ሁልጊዜ በጥንድ ነው፤ ግራው ከተቀየረ ቀኙም ይቀየራል። አዲስ ካላገኛችሁ አሮጌውን ብረት ወስዳችሁ አዲስ ሸራ ማስመታት ይቻላል። ስትቀበሉ የሪቬቱ ራስ ከሸራው ፊት በደንብ መጥለቁን እዩ። ዘይት የጠጣ ሸራን በእሳት አቃጥሎ ማድረቅ የሚባል ብልሃት አለ፤ አይሠራም። ሲሞቅ ዘይቱ እንደገና ይወጣል።

ታምቡሩ ቦይ ካወጣ ወይም ከክብነቱ ከወጣ ቶርኖ ቤት ይላጥ፤ በአንድ አክሱል ላይ ያሉት ሁለቱም እኩል ይላጡ። አብዝቶ የተላጠ ታምቡር ይሳሳል። ስስ ታምቡር ደግሞ ሊማሊሞ ላይ ቶሎ ይግላል። የመጨረሻው ልክ ታምቡሩ ላይ ከተጻፈ እሱን አክብሩ።

ስትመልሱ ባለ 46 ሚሊሜትሩ ዳዶ ከ320 እስከ 350 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ቶርክ ቁልፍ ከሌላችሁ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው መሐል ግማሽ ሜትር በሚርቅ፣ በአግድም በተዘረጋ ክንድ ላይ በሙሉ ክብደቱ ቢቆም 343 ይሆናል። የፒኑ ቀዳዳ ካልገጠመ ትንሽ ጨምራችሁ አጥብቁ፤ በፍጹም ወደ ኋላ አታላሉ።

ቱቦና ማስተር ሲሊንደር

የብረት ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ተከተሉት። የዛገውን ቀይሩ። የተለመደው ውፍረት 4.75 ሚሊሜትር ነው። ከመዳብና ኒኬል የተቀላቀለው ቱቦ አይዝግም፣ በእጅም ይታጠፋል። የፍሪጅ ሠሪዎቹ ንጹሕ መዳብ ግን ንዝረት ሲበዛበት ይሰነጠቃልና አታስገቡት። የቱቦው ጫፍ ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ የቮልስዋገንና የጃፓን መኪና የጫፍ አሠራር አንድ አይደለም።

ማስተር ሲሊንደሩ ከሹፌሩ እግር ሥር፣ ከወለሉ በታች ነው። አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ሞርሳ ላይ አስራችሁ በዘይት ሙሉት፤ አለበለዚያ አየሩ አሰልቺ ይሆናል። ከገጠማችሁ በኋላ በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ይህቺ ክፍተት ከጠፋች ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ቀዳዳ ይደፈናል። ፍሬኑ ከፒያሳ ሲነሳ ደህና ይሆናል፤ አዘዞ ሲደርስ ግን አራቱም ጎማ ግሎ መኪናዋ አልሄድም ትላለች።

ማስተካከልና አየር ማስወጣት

መጀመሪያ ሸራውን አስተካክሉ፣ ከዚያ አየሩን አስወጡ። በየጎማው ያሉትን ሁለት ማስተካከያዎች ጎማው እስኪያዝ አዙሩ። ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር መልሱ፤ ሸራው በስሱ ሲነካ ቢሰማ ችግር የለውም። መሐል መሐል ፔዳሉን ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡ፤ ሸራው ቦታውን ይይዛል።

አየር የሚወጣው ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ጎማ ተነስቶ ነው። መሪዋ በግራ ለሆነች፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ማስወጫው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩ። አንድ ሰው ፔዳል ላይ፣ አንድ ሰው ከሥር።

«ርገጥ!»
«ረገጥኩ!»

ይህን መልስ ሳትሰሙ ማስወጫውን አትክፈቱ። ክፈቱ፣ አረፋው ይውጣ፣ ዝጉ፣ ከዚያ «ልቀቅ!»። ሳይዘጋ ከተለቀቀ አየሩን መልሶ ይጠጣል። ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል በየጊዜው ሙሉ። ማስተር ሲሊንደሩ አሮጌ ከሆነ ከፔዳሉ ሥር የእንጨት ታኮ አድርጉ፤ ፔዳሉ እስከ ወለል ከወረደ ጎሚኒው ደርሶበት የማያውቀው የዛገ ቦታ ላይ ይቧጨራል። በጠርሙሱ የወጣውን ዘይት መልሳችሁ አትጠቀሙ። ቀለም ላይ ከፈሰሰም ወዲያው በውሃ እጠቡ፤ ቀለም ይልጣል።

የእጅ ፍሬኑን ከዚህ ሁሉ በኋላ አስተካክሉ። ገመዱን አስቀድማችሁ ከወጠራችሁ የሸራው ልክ ይሳሳታል።

ዲስክ ልግጠም ወይ?

ሰሜን ተራሮችን የምታዘወትሩ ከሆነ፣ አዎ። ዲስክ ሙቀቱን ለአየር ቶሎ ይሰጣል፤ ሲግልም ከሸራው አይርቅም። ከ1968 እስከ 1970 ላሉት በጣም የሚያዋጣው ከኋለኛዋ ኮምቢ ሙሉውን ስብስብ መውሰድ ነው፦ የፊት ጎማ ተሸካሚ ብረቶች፣ ዲስክ፣ ካሊፐር (ዲስኩን የሚጨምቀው)፣ ማስተር ሲሊንደር፣ ቸርኬና የኋላ ታምቡር ከነእምብርቱ። ለምን ሁሉም? የብሎኑ ክብ ተቀይሯላ። ፊቱ 112 ኋላው 205 ከሆነ ሁለት ዓይነት ትርፍ ጎማ ይዛችሁ ልትዞሩ ነው። የታምቡር ማስተር ሲሊንደርን ከዲስክ ጋር ማገናኘትም አይሆንም። ለታምቡር ተብሎ መስመሩ ውስጥ የሚቀር ትንሽ ግፊት አለ፤ ያ ግፊት ዲስኩን ሳትረግጡት ያስይዘዋል።

መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ኮምቢ ካለቻችሁ ግን ከዲስኩ በፊት ገንዘባችሁን ሁለት መስመር ባለው ማስተር ሲሊንደር ላይ አውሉ። አንዱ ቢፈስ ሌላው ያቆማችኋል። ማንኛውንም ለውጥ ካደረጋችሁ ለዓመታዊው ምርመራ ስትሄዱ የዕቃውን ደረሰኝ ያዙ፤ ጥያቄ ያሳጥራል።

ከጋራዥ ስትወጡ

የመጀመሪያው ሙከራ ግቢ ውስጥ፣ በእግር ፍጥነት። ቀጥሎ ባጃጁ ሳይበዛ ማለዳ ወደ አዘዞ ውረዱ። በ40 ኪሎሜትር ፍጥነት ሆናችሁ ረጋ ብላችሁ እስከ 10 ያዙ፣ ልቀቁ፣ ትንሽ ነድታችሁ ይቀዝቅዝ፣ ድገሙት። ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል። አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር የሚስማማው እንዲህ ነው። ጨርሳችሁ ስትቆሙ እጃችሁን ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጉ፤ በአንድ አክሱል ያሉት ሁለቱ ሙቀታቸው እኩል መሆን አለበት።

ከዚያ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን፣ ደባርቅን ይዛችሁ ሂዱ። ሊማሊሞ ላይ ስትወርዱ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ነው። ማርሹን የምትቀንሱት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ፔዳሉን በስሱ ይዛችሁ አትቆዩ፤ ጠንከር አድርጋችሁ ፍጥነቱን ቀንሱና ልቀቁ፣ አየር ያግኝ። የሸራ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከወረደ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ ማርሽ ውስጥ አስገቡና ጎማውን በድንጋይ ያዙ። የጋለ ታምቡር ላይም ውሃ አታፍስሱ፣ ይሰነጠቃል።

500 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ሸራውን እንደገና አስተካክሉ፣ የባለ 46 ሚሊሜትሩን ዳዶ ጥብቀት ፈትሹ፣ የጀርባውን ላሜራ ወደ ታች በኩል ለእርጥበት ዳስሱ። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ።